ቡችላን በጠቅታ ማስተማር፦ ከሰንሰለቱ በፊት የሚሰጥ ትምህርት

ጅማ ውስጥ ለአንድ ቡችላ የሚሰጠው የመጀመሪያው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ሰንሰለት ነው። በካርቶን ሆኖ ይመጣል፤ ልጆች ለጥቂት ሳምንት ይሻሙበታል፤ ጥርሱ የቀሚስ ጫፍ መያዝ ሲጀምር ጓሮ ካለ ምሰሶ ጋር ይታሰራል። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ተፈትቶ ግቢ ይጠብቃል። ዓመት ሲሞላው ከሚያበላው ሰው በቀር ማንም የማይጠጋው፣ ባለቤቱ ራሱ ቢጠራው የማይመጣ ውሻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ «አመለኛ ነው» ይባልለታል።

አመሉ ግን ከሰማይ አልወረደም። ውሻ የሚያስተምረው ሰው ባይኖርም መማሩን አያቆምም። ጮኾ ምግብ ከመጣለት መጮህን፣ ዘሎ ልጆች ከሳቁለት መዝለልን፣ ሲጠሩት መጥቶ ከተመታ ደግሞ ሲጠሩት መሸሽን ይማራል። ትምህርቱ መሰጠቱ ካልቀረ በአጋጣሚ ከሚሰጥ ባለቤቱ አስቦበት ቢሰጠው ይሻላል።

ለዚህ ሥራ ብዙ አገር የሚጠቀምበት ዘዴ አለ፤ ክሊከር በምትባል ትንሽ መሣሪያ የሚሰጥ ሥልጠና ነው። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ የሚጠይቀው አንድ አጭር ድምፅ፣ ጥቂት የተቀቀለ ሥጋና ጊዜውን የሚያውቅ አውራ ጣት ብቻ ነው። የሚያስቸግረውም አውራ ጣቱ ነው።

ድምፁ ለምን አስፈለገ?

ክሊከር በመዳፍ ውስጥ የምትደበቅ የፕላስቲክ ሣጥን ናት። በውስጧ ስስ የብረት ምላስ አለ፤ ሲጫኑት «ጠቅ» ይላል። ሌላ ሥራ የላትም። ጥበቡ ያለው ድምፁ በውሻው ጭንቅላት ውስጥ በሚያገኘው ትርጉም ላይ ነው፤ ትርጉሙን የሚሰጡትም ሁለት የቆዩ ግኝቶች ናቸው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

አንደኛው የሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ነው። ሰውየው በ1904 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር ነበር፤ ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው ግን ውሾቹ ምግብ ገና ሳይቀርብ፣ ምግብ መምጣቱን የሚያበስረውን ምልክት ብቻ ሰምተው ምራቃቸው መፍሰሱን ስላስተዋለ ነው። ትርጉም ያልነበረው ድምፅ ከምግብ ጋር ደጋግሞ ሲመጣ ራሱ የምሥራች ይሆናል ማለት ነው። ሁለተኛው ግኝት የአሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ነው። እርሱ በ1898 ባሳተመው ጥናት የተራቡ ድመቶችን መዝጊያቸው በተወሰነ ድርጊት ብቻ በሚከፈት ሣጥን ውስጥ እያስገባ እንዴት እንደሚወጡ ተከታተለ። ድመቶቹ መጀመሪያ ያገኙትን ሁሉ ይቧጥጣሉ፤ በሩን የከፈተችው ድርጊት በተደጋገመ ቁጥር ግን ቶሎ ቶሎ ትመጣለች፣ የማይረቡት ይቀራሉ። መልካም ውጤት ያስከተለ ድርጊት ይደገማል የሚለውን ይህን ሐሳብ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በኋላ በአይጥና በርግብ ላይ በስፋት አጠናው።

ታዲያ ምግቡን ብቻ ብንሰጠው ምን ጎደለ? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቡችላው ተቀመጠ እንበል። እናንተ ደስ ብሏችሁ እጃችሁን ወደ ኪስ ትሰዳላችሁ፣ ፌስታሉን ትፈታላችሁ፣ ቁራሽ ትመርጣላችሁ። በዚህ መካከል ቡችላው ተነሥቷል፣ ጫማችሁን አሽትቷል፣ የፊት እግሮቹን ጉልበታችሁ ላይ ሰቅሏል። ቁራሹ አፉ የገባው ጉልበት ላይ እንደተሰቀለ ነው። እናንተ መቀመጥን ያስተማራችሁ ይመስላችኋል፤ እርሱ የተማረው ግን መሰቀልን ነው። ነገ እንግዳ ሲመጣ ያንኑ ያሳያችኋል።

የእግር ኳስ ዳኛ ፊሽካውን የሚነፋው ጥፋቱ በተፈጸመባት ቅጽበት ነው፤ ካርዱ፣ የኳሱ ቦታ፣ ጭቅጭቁ ሁሉ በኋላ ይደርሳል። ጠቅታም እንዲሁ «የሚከፈልህ ለዚህች ነው» የሚል ምልክት ነው። ከዚያ በኋላ ምግቡ አንድ ሁለት ሰከንድ ቢዘገይም ቡችላው ለየትኛው ድርጊት እንደተከፈለው ያውቃል።

የሰው ድምፅም ይህን መሥራት ይችላል። ችግሩ ድምፃችን ተለዋዋጭ መሆኑ ነው፤ ሥራ ውለን ስንገባ የምንለው «ጎበዝ» እና እሑድ ረፋድ ላይ የምንለው «ጎበዝ» አንድ አይደሉም። በዚያ ላይ ቃሉን ቀኑን ሙሉ ለልጁም፣ ለጎረቤቱም፣ ለስልኩም እንለዋለን። ጠቅታ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። ይህም ሆኖ መሣሪያዋን ማምለክ አያስፈልግም፤ ክሊከርን ከአጭር ቃል ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች ውሻው በክሊከር ፈጥኖ እንደሚማር በግልጽ አላሳዩም። ዋናው የምልክቱ ማጠርና በሰዓቱ መድረስ ነው።

ስለዚህ መርካቶ ዞራችሁ ክሊከር ብታጡ ሥልጠናው አይቆምም። ጫፉ የሚጫን እስክሪብቶ ይሠራል። መሃሉ ሲጫኑት ቀጭ የሚል የማርማላታ ብርጭቆ ክዳን ይሠራል። ምላስን ከላንቃ አጣብቆ ማላቀቅም ይሠራል፤ ጥቅሙ ሁለቱንም እጅ ነጻ መተዉ ነው። ቃል ከመረጣችሁ «ጎሽ» አጭርና ጥርት ያለ ነው፤ ለዚህ ሥራ ብቻ ተዉትና በአንድ ዓይነት ድምፅ በሉት። እኔ እስክሪብቶውን እመርጣለሁ፤ ድምፁ ለስለስ ስለሚል ትንሽ ቡችላ አያስደነግጥም። ብቻ በዚያው እስክሪብቶ ቡችላው አጠገብ ተቀምጦ ሒሳብ መሥራት የለም።

ከዶልፊን እስከ አይጥ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ስኪነር ርግቦች ቦምብን ወደ ዒላማው እንዲመሩ ለማሠልጠን ሞክሮ ነበር። ርግቦቹ ለውጊያ ሳይውሉ ቀሩ፤ ከእርሱ ጋር የሠሩት ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ የተባሉ ባልና ሚስት ግን በ1940ዎቹ እንስሳትን በዚህ ዘዴ የሚያሠለጥን ድርጅት አቋቋሙ። ዘዴው ይበልጥ የተፈተነው በባሕር እንስሳት ላይ ነው። ዶልፊን ማሰሪያ አይገባለትም፣ ቢቆጡት ዋኝቶ ይሄዳል፤ አሠልጣኙ ፊሽካና ዓሣ ብቻ ነው ያለው። በሃዋይ ዶልፊኖችን ታሠለጥን የነበረችው ካረን ፕራየር ይህንን ልምድ ወደ ውሻ ባለቤቶች ካመጡት አንዷ ናት፤ ክሊከርም በ1990ዎቹ በአሜሪካ ውሻ አሠልጣኞች ዘንድ ተስፋፋ።

ወደ እኛ የሚቀርብም ምሳሌ አለ። በታንዛኒያዋ ሞሮጎሮ አፖፖ የተባለ ድርጅት ትልልቅ አይጦችን በጠቅታና በሙዝ እያሠለጠነ የተቀበረ ፈንጂ በማሽተት እንዲያገኙ ያደርጋል። ከእነርሱ አንዱ፣ ማጋዋ የተባለው፣ በካምቦዲያ ለሠራው ሥራ በ2020 ከአንድ የእንግሊዝ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የወርቅ ሜዳልያ ተሸልሟል። የአፖፖ አይጦች በአገራችንም የቲቢ ናሙና በማሽተት ሥራ ተሠማርተዋል። አይጥ ይህን ከቻለ የኮቺ ሰፈር ቡችላ መቀመጥ አያቅተውም።

ኪስ ውስጥ ምን ይያዝ?

ቁራሹ ከሽምብራ ፍሬ አይብለጥ። ትልቅ ከሆነ ቡችላው ሲያኝክ ይቆያል፣ ቶሎ ይጠግባል፣ ጥጋበኛ ተማሪ ደግሞ የትም አይደርስም። ከልኳንዳ ርካሽ የሆነው ሳምባ ወይም ጉበት ተቀቅሎ፣ ቀዝቅዞ፣ ተከትፎ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። በደንብ መቀቀሉን ግን በዋዛ አትለፉት። በበግና በከብት ሳምባና ጉበት ላይ አንዳንዴ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ከረጢት የትል ቤት ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ግቢ የሚጫወት ልጅ ደግሞ በእጁ ወደ አፉ ያደርሰዋል፤ በሰው ጉበትና ሳምባ ውስጥም ያው ከረጢት ይበቅላል። ከረጢት ያለበትን ቁራጭ ቀብሩት እንጂ ለማንም ውሻ አትወርውሩት።

ወጥ የነካው እንጀራ አይሆንም፤ ቀይና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳሉ። ቸኮሌትና ዘቢብም እንዲሁ ክልክል ናቸው። ጅማ ላይ ግን ከቸኮሌት ይልቅ የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ ቡና። ካፌይን ለውሻ መርዝ ነው፣ ለቡችላ ደግሞ ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ ጥቂቱ ይበቃዋል። ከጀበና የተደፋ አተላ፣ ከመቁያ የተፈናጠረ ፍሬ፣ ሸራ ላይ የተሰጣ ጀንፈል (ገና ያልተፈለፈለ ቡና) ሁሉ ለቡችላ አፍ ቅርብ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ ቡችላ መማር ካለባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ስለሆነ።

በዓቢይ ጾም ቤቱ ሥጋ ከሌለው የተቀቀለ ድንችና ደረቅ ዳቦ ይበቃል። ምግብ ሰዓቱ ሊደርስ ሲል ያለ ቡችላ አይመርጥም። በልምምድ የበላውን ከዕለት ምግቡ ላይ ቀንሱለት።

ከምንም ተነሥቶ እስከ «ተቀመጥ»

መጀመሪያ ምንም ትእዛዝ የለም። ጸጥ ባለ ክፍል ወይም ክረምት ከሆነ በረንዳ ላይ፣ ጠቅ አድርጉና ቁራሽ ስጡ። ጠቅ፣ ቁራሽ፤ ጠቅ፣ ቁራሽ። አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ከደጋገማችሁ በኋላ እረፍት። ድምፁ ይቅደም፣ እጅ ይከተል፤ እጃችሁ ከድምፁ ቀድሞ ወደ ኪስ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ቡችላው የሚያዳምጠው እጃችሁን ነው። መግባባታችሁን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ፦ ወደ ሌላ ሲያይ ጠቅ አድርጉ። ጭንቅላቱ ወዲያው ወደ እናንተ ከዞረ ድምፁ ትርጉም አግኝቷል። ከደነገጠ መሣሪያዋን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ወይም ኪስ ውስጥ አድርጋችሁ ጀምሩ።

ከዚህ በኋላ የማይሻር አንድ ሕግ አለ፤ ጠቅ ካለ ይከፈላል። ጣታችሁ አምልጦ ያለ ቦታው ጠቅ ቢልም ይከፈላል። ያልተከፈለበት ጠቅታ ሲበዛ ድምፁ እንደ ማንኛውም የግቢ ድምፅ ይሆናል።

አሁን መቀመጥ። ቁራሿን በሁለት ጣት ያዙና ቡችላው አፍንጫ ላይ ሊነካ እስኪቃረብ አስጠጉት። አሸተተ፣ ላሰ፣ አትልቀቁለት። ከዚያ እጃችሁን በቀስታ ከአፍንጫው ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ በሁለት ጆሮዎቹ መካከል ወዳለው አቅጣጫ ውሰዱት። አፍንጫው እጁን ሲከተል አገጩ ይነሣል፤ አገጩ ሲነሣ ወገቡ ይታጠፋል፤ ወገቡ ሲታጠፍ መቀመጫው መሬት ይፈልጋል። መቀመጫው መሬቱን በነካባት ቅጽበት ጠቅ። ቁራሿ ትከተል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እጁን ከፍ አድርጎ ስለሚያነሣ ነው፤ ያኔ ቡችላው ይዘላል። እጅ ከአፍንጫው በጣት ስፋት ርቀት ላይ ይቆይ። ወደ ኋላ እያፈገፈገ የሚያስቸግር ከሆነ ጀርባውን ለግድግዳ አድርጋችሁ ሥሩ። በእጅ ወገቡን ወደ ታች መጫን አያስፈልግም፤ የተጫነ ቡችላ መጫንን ይቃወማል እንጂ መቀመጥን አይማርም።

ጥቂት ጊዜ ከተሳካ በኋላ ያንኑ እንቅስቃሴ በባዶ እጅ አድርጉ፤ ምግቡ ከሌላው እጅ ይምጣ። ይህ እርምጃ ትንሽ ይመስላል፤ ከተዘለለ ግን ሥጋ ሲያይ ብቻ የሚቀመጥ ውሻ ይወጣል፤ እንዲህ ያለ ውሻ ያላቸው ብዙ ቤቶች ያሉ ይመስለኛል።

ቃሉ እስካሁን አልመጣም። ለብዙዎቻችን ይህ ግራ ነው፤ ገና ቡችላው የሚደረገውን ሳያውቅ «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ፣ ተቀመጥ እንጂ!» ማለት ለምዶብናል። በዚህ መንገድ ቡችላው የሚማረው ትእዛዙ ሦስት ጊዜ ተብሎ፣ ድምፅ ከፍ ብሎ፣ ሰው ሲቆጣ እንደሚያበቃ ነው። እጃችሁን ስታንቀሳቅሱ ከአሥሩ ስምንት ያህሉን ከተቀመጠ ቃሉ ይግባ፤ መጀመሪያ «ተቀመጥ»፣ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ ጠቅ። ቃሉ እጁን እየቀደመ ሲመጣ ቡችላው እጁን መጠበቁን ይተዋል። አንድ ጊዜ በሉ፣ ጠብቁ። ካልተቀመጠ ደረጃውን አልፈጸመም ማለት ስለሆነ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተመለሱ።

ልምምዱ በአንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። ቡችላው ማዛጋት፣ መሬት ማሽተት፣ ፊቱን ማዞር ከጀመረ ልኩን አልፋችኋል።

ሌሎቹ ትእዛዞች

መተኛት እንደ መቀመጥ ነው፤ ከተቀመጠበት ቁራሿን ከአፍንጫው ቀጥታ ወደ መሬት፣ ከዚያ ወደ ፊት ሳቡ፤ ክርኖቹ መሬት ሲነኩ ጠቅ። «ቆይ» ደግሞ ትዕግሥት ነው፤ መጀመሪያ አንድ ሰከንድ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አምስት። ሰዓቱን ስትጨምሩ አትራቁ፤ ስትርቁ ሰዓቱን ቀንሱ። ሁለቱን አንድ ላይ ያከበደ ሰው ቡችላውን ለውድቀት እያዘጋጀ ነው።

«ና» ግን ሌላ ክብደት አለው። ባጃጅ በሚበዛበት መንገድ ዳር በሩ የተከፈተ ግቢ ውስጥ የአንድን ውሻ ሕይወት የሚያተርፈው ይህ ቃል ነው። መጀመሪያ በክፍል ውስጥ፣ ጎንበስ ብላችሁ ወደ ኋላ እያፈገፈጋችሁ ጥሩት፤ ቡችላ የሚሸሽን ነገር መከተል ይወዳል። ወደ እናንተ በዞረባት ቅጽበት ጠቅ፣ ሲደርስ ቁራሽ፣ አንዳንዴም ከአንድ በላይ። ከክፍል ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ግቢ፣ ከግቢ በረዥም ገመድ ታስሮ ወደ በሩ። ሲመጣ በፍጹም አትቆጡት። ጫማ ቀዶ ቢሆን እንኳ፣ ግማሽ ሰዓት አስቸግሮ ቢመጣ እንኳ መምጣቱ ይከፈል። ለማጠብ፣ ለማሰር፣ መድኃኒት ለመስጠት ስትፈልጉት አትጥሩት፤ ሄዳችሁ አምጡት። በቃሉ መጨረሻ ሁልጊዜ ሰንሰለት ካለ ቃሉ ይሞታል።

«ተው» የጅማ ትምህርት ነው። ቁራሽ በተዘጋ ጭብጥ ውስጥ ያዙና ጭብጡን ወደ ቡችላው አስጠጉ። ይልሳል፣ ይነክሳል፣ በእግሩ ይቧጥጣል፤ ዝም በሉ። ተስፋ ቆርጦ አፍንጫውን ከጭብጡ ባራቀባት ቅጽበት ጠቅ፣ ክፍያውም ከሌላው እጅ። ጭብጡ ውስጥ ያለውን በፍጹም አይበላም፤ ትምህርቱ «የተከለከለውን ብትተው የተሻለ ታገኛለህ» የሚል ስለሆነ። ከዚያ እጅ ይከፈታል፣ ከዚያ ቁራሿ መሬት ላይ ተቀምጣ በጫማ ትጋረዳለች፣ ከዚያ ሳትጋረድ ትቀመጣለች። በመጨረሻም ገመድ አድርጎ በተሰጣው ጀንፈል አጠገብ ማለፍ። ይህንን እስኪችል ድረስ ጀንፈሉን ማጠር የባለቤቱ ሥራ ነው፤ የሦስት ወር ቡችላ ራስን መግዛት ላይ መተማመን ሞኝነት ነው።

ቤተሰቡን ማሠልጠን

ቡችላው ከቤተሰቡ ይልቅ ፈጥኖ ይማራል። በብዙ የጅማ ቤት አማርኛና ኦሮምኛ እየተቀያየሩ ይነገራሉ፤ አባት «ና» ይላል፣ አያት «ኮቱ» ይላሉ፣ ትንሿ ልጅ ስሙን ብቻ ትጮኻለች። የቱም ቋንቋ ለውሻው እኩል ነው፤ ችግር የሚሆነው ለአንድ ድርጊት ሦስት ቃል መኖሩ ነው። ተስማሙና በወረቀት ጽፋችሁ ማዕድ ቤት በር ላይ ለጥፉ። ቃላቱም በድምፅ የተራራቁ ቢሆኑ መልካም ነው፤ «ተቀመጥ»፣ «ተኛ» እና «ተው» ሁሉም በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ አንዱን በእጅ ምልክት ማገዝ ይጠቅማል።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን የሚቀድደው ሰው ነው፣ የሚገባው ውሻው። አራት ሰው ሲዘልባቸው ዝም ብለው ቆመው አምስተኛው «እሱን ተዉት፣ ሕፃን ነው» ብሎ ከማዕድ ላይ ጉርሻ ከሰጠው፣ ቡችላው የሚያስታውሰው አምስተኛውን ነው። እንዲያውም አልፎ አልፎ የሚከፈል ድርጊት ሁልጊዜ ከሚከፈለው ይልቅ ለመጥፋት ያስቸግራል። የመዝለልን አመል የሚያጠፋው በአራት እግሩ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ሲገኝ ጠቅ አድርጎ መክፈልና ሲዘል ፊትን ማዞር ነው።

የውሻ ምራቅ ልብሱንና እጁን እንዳይነካው በሃይማኖቱ የሚጠነቀቅ ቤተሰብም በዚህ ዘዴ ሊጠቀም ይችላል፤ እንዲያውም ከሌሎቹ ዘዴዎች ይልቅ ይመቸዋል። ጠቅታው ከሩቅ ይሰማል፣ ቁራሹም በእጅ መጉረስ የለበትም፤ መሬት ላይ ይወረወራል ወይም በረዥም ማንኪያ ይሰጣል። ቡችላው ሳይነካ ተቀመጠ፣ ሳይነካ ተከፈለው። ውሻ ያላቸውም ለጎረቤታቸው ሊያደርጉት የሚገባ ነገር ይኸው ነው፤ እንግዳ ሲገባ በቦታው የሚቀመጥ ውሻ የማንንም ልብስ አይነካም።

የማይጠብቅ መስኮት

ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ ሁለተኛው ወይም አሥራ አራተኛው ሳምንት ድረስ ዓለምን «የተለመደ» እና «የሚያስፈራ» ብሎ የሚከፍልበት ጊዜ ነው። ከእናቱ ከስምንት ሳምንት በፊት ባይለይ መልካም ስለሆነ እናንተ ጋ ሲደርስ የሚቀረው ጥቂት ነው። በእነዚያ ሳምንታት ቆርቆሮ የሚደበድብ ዝናብ፣ የባጃጅ ጡሩምባ፣ የአዛንና የቅዳሴ ድምፅ ማጉያ፣ ዣንጥላ የያዘ ሰው፣ ጋሪ የሚጎትት አህያ፣ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ይይ፣ ይስማ። ከሩቅ አይቶ ሳይፈራ ሲቀር ጠቅ፣ ቁራሽ። ከፈራ ርቀቱን ጨምሩ። ክትባቱን እስኪጨርስ ድረስ ባለቤት የሌላቸው ውሾች የሚውሉበት መሬት ላይ አታውርዱት፤ አቅፋችሁት በር ላይ መቆም ይበቃል።

ስለ ክትባት አንድ ነገር ብቻ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙ ጊዜ ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል፤ ቀጣዩን ቀጠሮ የእንስሳት ሐኪሙ ይነግራችኋል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለባት ከተማ ነዋሪ ሐኪም አጣሁ ለማለት ይከብደዋል። ያልታወቀ ውሻ የነከሰው ሰው፣ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም፣ ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለአሥራ አምስት ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

«እንዲህ ከለመደ ሌባ ይጠብቃል?»

ይህ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። ውሻ የሚያዘው ለግቢ ነው፤ የሚታዘዝ ውሻ ለስላሳ ይሆናል የሚል ስጋት አለ። ነገር ግን በሌሊት ለማያውቀው ኮቴ መጮህ በትምህርት የመጣ አይደለም፣ በትምህርትም አይጠፋም። በፍርሃት ያደገ ውሻ የሚነክሰው ሌባውን ከጎረቤት ልጅ ለይቶ አይደለም። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው፣ ወተት ያመጣች ልጅ፣ በር የሳተ ሽማግሌ ሁሉ ለእርሱ አንድ ናቸው። «ና» ሲሉት የሚመጣ ውሻ ግን ጮኾ ያነቃችኋል፤ ወጥታችሁ ስታዩት ጎረቤት ከሆነ ደግሞ ትጠሩታላችሁ።

አንድ ትእዛዝ በቤትም፣ በግቢም፣ በበር ላይም ከተሠራ ክሊከሯ ለእርሱ አታስፈልግም፤ ሥራዋ አዲስ ነገር ማስተማር ነው። ምግቡንም ቀስ በቀስ አልፎ አልፎ አድርጉት፤ አንዳንዴ ቁራሽ፣ አንዳንዴ ጨዋታ፣ አንዳንዴ በሩ ተከፍቶ መውጣት። «ና» ላይ ግን ለረዥም ጊዜ አትቆጥቡ።

ዓመታት ታስሮ የኖረ ውሻም ይማራል፤ ብቻ አጀማመሩ ይለያል። ሰንሰለቱ ከሚደርስበት ውጭ ቁሙ፣ ወደ ጎን ዞር ብላችሁ፣ ዓይኑን ሳታፈጡበት። ዝም ሲል ጠቅ፣ ቁራሹን ወርውሩለትና ሂዱ። ነገም እንዲሁ። እናንተን ሲያይ መጮህ ትቶ ጅራቱን ማወዛወዝ እስኪጀምር ድረስ ሌላ ነገር አትጠይቁት፤ ይህ ከቡችላ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። ከዚህ ቀደም ሰው ነክሶ ከሆነ ደግሞ ሥራው የእንስሳት ሐኪም ባለበት ቢጀመር ይሻላል።